ትክክለኛ ትርጉም መሆኑን አረጋግጣለሁ

በልደታ ፍርድ ቤት አጥር ሥር ማመልከቻ ከሚጽፉት፣ ውል ከሚያዘጋጁትና ሰነድ ከሚተረጉሙት ሁሉ መምህር ገብረየሱስን የሚያህል የተከበረ ሰው አልነበረም። ያለቻቸው ጠባብ ክፍል ናት፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር፣ ለባለጉዳይ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር፣ ከኋላቸው ደግሞ ጣሪያ የሚነካ የፋይል መደርደሪያ። ጠበቆች በበሩ ሲያልፉ ጎንበስ ብለው እጅ ይነሣሉ። ግማሾቹን እንግሊዝኛ ያስቆጠሯቸው ራሳቸው ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት እዚያው ሰፈር አስተምረው ጡረታ ሲወጡ ማኅተም አስቀረጹ፤ ከዚያ ወዲህ ባሉት አሥራ ሦስት ዓመታት «ትክክለኛ ትርጉም መሆኑን አረጋግጣለሁ» የምትለዋ ማኅተማቸው ያላረፈችበትን የውጭ ሰነድ በአካባቢው ችሎቶች ማግኘት ብርቅ ነበር።

የማስተማር ዘመናቸውን የሚያስታውስ ሁሉ የሚያነሣው ዓርብን ነው። በዓርብ የመጨረሻ ክፍለ ጊዜ መምህር ገብረየሱስ መጽሐፉን ይከድኑና ጠመኔ አንሥተው «ዛሬ ቃል እንፈለፍላለን» ይላሉ። አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ሰሌዳው ላይ ይጽፉና እንደ እሸት ባቄላ ልጣጩን እየገፈፉ ውስጡን ያሳያሉ። አንድ የውጭ አገር መምህር ትቶላቸው የሄደ ጡብ የሚያህል መዝገበ ቃላት ነበራቸው፤ ቃሉ ከየት ዘር እንደ መጣ፣ በስንት አገር ዞሮ እዚህ እንደ ደረሰ የሚለቅሙት ከዚያ ነው። ከሁሉ የሚወዱት ደግሞ የአፍን ነገር ነው። መናገርን፣ መጮህን፣ መመስከርን የሚመለከት ቃል ካገኙ ደወል ቢደወልም አይሰሙም። አድቮኬትን ጠበቃ ብላችሁ ብቻ አትለፉት፣ ይላሉ፤ ውስጡ መጥራት የሚል የላቲን ቃል አለ፤ ሰው ሲጨነቅ አጠገቡ እንዲቆምለት የተጠራ ማለት ነው። ዲናውንስ ማውገዝ ነው፤ ውስጡ ግን መልእክተኛ አለ። ኢንፋንት ሕፃን መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ሲፈለፈል ግን «የማይናገር» ነው። ይሄኔ የኋላ ወንበር ልጆች አንዱን ዝምተኛ ጓደኛቸውን እየጠቆሙ ይስቃሉ፤ እሳቸውም አብረው ይስቃሉ።

ገመቺስ የሚባለው ተማሪ ግን አይስቅም፤ ይጽፋል። ልደታ ማርያም በር ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም የምትሸጠው የዲንቄ ልጅ ነው፤ አባቱ ገና በሕፃንነቱ የሞተበት። የዓርብን ቃላት ብቻ የሚጽፍበት ደብተር ነበረው። ፕሮቴስትን፣ ተቃውሞ የሚባለውን፣ የፈለፈሉ ዕለት መምህር ገብረየሱስ እንዲህ አሉ፤

«ይህ ቃል መንገድ ላይ ወጥቶ ከመጮሁ በፊት ሌላ ሥራ ነበረው። ፕሮ፣ በሰው ፊት። ቴስታሪ፣ መመስከር። በሰው ፊት ቆሞ ያየሁት ይህ ነው ማለት።»

ገመቺስ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ሰውዬው ብቻውን ቢሆንስ? ያኔም ፕሮቴስት ይባላል?»

«ብቻውን ሲሆንማ ነው እውነተኛው» አሉ መምህር ገብረየሱስ አፋቸውን ሞልተው።

ክፍል ውስጥ አፍ ሞልቶ መናገር ቀላል ነው። ልጁ ግን ይህንንም በደብተሩ ጻፈው።

ገመቺስ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ሜክሲኮ አካባቢ የግንባታ ሙያ ሲማር፣ መምህሩ ጡረታ ወጥተው ክፍሊቱን የከፈቱበት ዓመት ነበርና ከሰዓት በኋላ እየመጣ ያግዛቸው ነበር። ሥራው ቀሪ መደርደር ነው። በቢሮ ቋንቋ ቀሪ የሚባለው ባለጉዳዩ ወረቀቱን ወስዶ ሲሄድ ከጸሐፊው ዘንድ የሚቀመጠው ግልባጭ ነው፤ መምህር ገብረየሱስ ደግሞ አንዲት ቀሪ አይጥሉም። ልጁ በወርና በዓመት እየለየ፣ ጀርባው ላይ በቀይ እስክሪብቶ እየጻፈ ደረደረላቸው። ኋላም ሥራ ይዞ፣ ከቀን ሠራተኛ ተቆጣጣሪነት ተነሥቶ ፎርማን ሲሆን፣ በዓመት በዓል ሳይጠይቃቸው ቀርቶ አያውቅም።

አሁን ስለ መምህሩ ጨዋነት እናውራ፤ መዘዙ ከዚያ ነውና። ፍርድ ቤት ደጅ የሚጽፍ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ደንብ አለ፤ ቁጣ ወረቀት ላይ አይወጣም። ባለጉዳይዋ ፊቷን እየነጨች «ቤቴን ነጠቁኝ፣ ሜዳ ላይ ጣሉኝ» ብትል፣ ጸሐፊው «ቤቴን በሚመለከት የተሰማኝን ቅሬታ በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ» ብሎ ይጽፍላታል። ይህ ለማመልከቻ ይሁን ግድ የለም። መምህር ገብረየሱስ ግን ደንቡን ወደ ትርጉም አሻገሩት። ፈረንጅ ሲጽፍ ያሳደገው የለም ይላሉ፤ ያሰበውን እንደ ድንጋይ ይወረውራል። እሳቸው ድንጋዩን ተቀብለው፣ አጥበው፣ በጨርቅ ጠቅልለው ያቀብላሉ። ማንም አላዘዛቸውም፤ ማንም አልከፈላቸውም። አማርኛዎ እንዴት ያምራል ሲባሉ ደስ ይላቸው ነበር፤ ይኸው ነው።

በ2005 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ፍሬምናጦስ የሚባል ሰው አንድ ደብዳቤ ይዞላቸው መጣ። አሮጌዎቹ ቤቶች በፈረሱበት ቦታ ፎቅ የሚያሠራ ድርጅት የአስተዳደር ኃላፊ ነው። ደብዳቤውን የጻፈው የድርጅቱ አማካሪ መሐንዲስ የውጭ ሰው ሲሆን፣ ጽሑፉ ከግማሽ ገጽ አይበልጥም። እንግሊዝኛው ዋና መሥሪያ ቤት ይቀራል፣ አማርኛው ሥራው ቦታ ላሉት ይሰጣል፣ አላቸው ፍሬምናጦስ። ደብዳቤው እንዲህ ይላል፤

«ለሦስተኛ ጊዜ ፕሮቴስት አደርጋለሁ። የመሠረቱ ጉድጓድ ግድግዳ ያለ ድጋፍ ነው የቆመው። ሥራው ዛሬውኑ ይቁም። ሰው ብታወርዱበት ትቀብሩታላችሁ።»

መምህር ገብረየሱስ ያችን የጥንት ቃላቸውን ሲያዩ የቀድሞ ተማሪ መንገድ ላይ እንዳገኙ ሁሉ ፈገግ አሉ። ከዚያ ቁጭ ብለው ተረጎሙ፤

«የመሠረቱን ጉድጓድ ግድግዳ በሚመለከት ቀደም ሲል የሰጠነውን አስተያየት በድጋሚ እያስታወስን፣ ሥራው አስፈላጊው ጥንቃቄ ታክሎበት ቢከናወን መልካም መሆኑን በትህትና እናሳስባለን።»

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ተዉት። ትቀብሩታላችሁ ለሥራ ባልደረባ የሚባል ነገር ነው? ማኅተማቸውን አሳረፉ፣ ፈረሙ፣ ሁለቱን ቅጂ ለፍሬምናጦስ ሰጥተው ሦስተኛውን ከቀሪዎቹ ጋር አስቀመጡ። ፍሬምናጦስ እጅዎ ይባረክ ብሏቸው ሄደ።

የዚያ ሥራ ፎርማን ገመቺስ መሆኑን አያውቁም ነበር። ቢያውቁስ ኖሮ? ያው እንደዚያው ይጽፉት ነበር፤ ምናልባትም የበለጠ አሳምረው።

ገመቺስ ደብዳቤው ሲደርሰው ሁለት ጊዜ አነበበው። ጥንቃቄ ይላል፤ ጥንቃቄ አደረገ። በጉድጓዱ አፍ ዙሪያ የአሸዋ ጆንያ አስደረደረ፣ ግድግዳውን ቆሞ የሚያይ አንድ ሰው መደበ፣ ዝናብ ሲያካፋ ሁሉም እንዲወጡ አዘዘ። ሐምሌ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ዘንቦ አባራ። በሦስተኛው ቀን፣ ፀሐይ ወጥታ፣ ረፋድ ላይ፣ ግድግዳው ያለ አንዳች ድምፅ ወደ ውስጥ ተኛ። ከገጠር የመጡ ሁለት የቀን ሠራተኞች ከሥር ቀሩ። እንደ ቢሮ የሚያገለግለው የቆርቆሮ ቤትም ከእነ ወረቀቱ አብሮ ወረደ። ገመቺስ ጭቃውን በእጁ ሲምስ ነው ፖሊስ የያዘው፤ ጥፍሮቹ ተላቀው ነበር።

ክሱ በቸልተኝነት ሰው መግደል ሆነ። ድርጅቱ የመሐንዲሱን የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ለዐቃቤ ሕግ አቀረበ፤ አቁም ተብሎ በጽሑፍ ታዟል፣ አላቆመም፣ አለ። ገመቺስ በበኩሉ የደረሰኝ ደብዳቤ አቁም አይልም ይላል። ታዲያ የደረሰህ የታል ሲባል ጭቃ ውስጥ ነው። የድርጅቱስ ቅጂ? ፋይሉ ተፈልጎ ጠፋ። መሐንዲሱ እንደሆነ ኮንትራቱን ጨርሶ አገሩ ገብቷል። ማኅተም የመታው ተርጓሚ ብቻ ቀረ።

ይህን ሁሉ ለመምህር ገብረየሱስ የነገረቻቸው ዲንቄ ናት፤ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች፣ ከፕላስቲኩ ወንበር ጠርዝ ላይ ተቀምጣ። እሷ እንደ ወጣች በሩን ዘግተው የሰኔን ፋይል አወረዱ። ቀሪው በቦታው ነበር። ቆመው አነበቡት። ያችኑ ያማረች ዓረፍተ ነገር አነበቧትና ፋይሉን ታቅፈው ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። እኔ ነኝ የቀበርኳቸው አሉ ለራሳቸው። ለራሳቸው ሲሆን እንዲህ ነው፤ ቃል አያጡም፣ ማለዘብም አያምራቸውም።

ሳምንት ሳይሞላ ፍሬምናጦስ መጣ። ቢሮዋን አድንቆ፣ ጤናቸውን ጠይቆ፣ የሜክሲኮን መቆፋፈርና የአቧራውን ነገር አማሮ፣ በመጨረሻ እግረ መንገዱን የጠየቀ መስሎ «ጋሼ፣ ቀሪ ይይዛሉ እንዴ?» አላቸው።

«ምነው?»

«እንዲያው ነው። ሰው ሲያወራ እሰማለሁ። በትርጉሙ ላይ ስህተት ነበር ከተባለ እኮ ከእኛ በፊት የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት። ሁለት ነፍስ ነው የጠፋው። በዚህ ዕድሜዎ እንዲያ ያለ ነገር ውስጥ ሲገቡ ማየት አልፈልግም።»

«አልይዝም» አሉ መምህር ገብረየሱስ። «ቦታው ጠባብ ነው።»

ፍሬምናጦስ ከኋላቸው ያለውን መደርደሪያ ከታች እስከ ላይ አየና ፈገግ አለ። «ጥሩ ነው» ብሎ ወጣ።

ግን ሰውየው ፈሪ ብቻ አልነበሩም፤ እንዲህ ብሎ መደምደም ይቀናል እንጂ። ዲንቄ ተመልሳ «የመንግሥት ተከላካይ ጠበቃው እርስዎን ምስክር አድርጎ ሊጠራ ነው፤ ጋሼ፣ ይቆሙልኛል?» ስትላቸው «እቆማለሁ» ያሉት ከልባቸው ነው። ሦስት ሌሊት አልተኙም። ሊደርስባቸው የሚችለውን ሁሉ አሰቡት፤ ማኅተማቸው ይነጠቃል፣ ሊታሰሩ ይችላሉ፣ ሰፈሩ ይጠቋቆምባቸዋል። ልጁ ደግሞ ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ እናቱ ሌላ ሰው የላትም። በአራተኛው ቀን ጠዋት ግራጫ ሱፋቸውን ለብሰው፣ ቀሪውን አራት ቦታ አጥፈው በውስጥ ኪሳቸው ከተቱና ወደ ችሎት ሄዱ። መንገዱን ሁሉ እጃቸውን ኪሳቸው ላይ ጭነው ነበር፤ ወረቀቱ መኖሩን ለማረጋገጥ።

ችሎቱ ሞልቷል። ገመቺስ ከሁለት ፖሊሶች መሀል ተቀምጧል፤ ከስቷል፣ አንገቱ ቀጥኗል። መምህሩን ሲያይ ከመቀመጫው ሊነሣ ቃጣው፤ ፖሊሱ ትከሻውን ያዘው። መምህር ገብረየሱስ ቀኝ እጃቸውን አንሥተው ማሉ። ሲምሉ እንኳ ያች ልማዳቸው አልለቀቀቻቸውም፤ አንሰር የሚለው ቃል ትዝ አላቸው። መልስ ነው ብለው ለስንት ልጅ አስተምረውታል፤ ውስጡ ግን መሐላ አለ። ጥንት እንግሊዞች ሲከሰሱ ክሱን ፊት ለፊት ገጥመው ይምሉ ነበር፤ ቃሉ የወጣው ከዚያ ነው። ጥሩ ዓርብ ይወጣው ነበር ብለው አሰቡ፤ ወዲያው ደግሞ በዚያች ሰዓት ይህን በማሰባቸው አፈሩ።

የመሀል ዳኛዋ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየቻቸው። «መምህር ገብረየሱስ፣ ይህ ችሎት እርስዎን ያውቅዎታል» አለች። «የእርስዎን ማኅተም አምነን ስንት መዝገብ ዘግተናል። ይቀመጡ እባክዎ፤ ቆመው መመስከር የለብዎትም። ወንበር ያቅርቡላቸው።»

ወንበር ቀረበ። ኋላ ሲያስቡት ያጠፋቸው ይኸው ነው፤ ቢገላምጧቸው ይሻል ነበር። ስንት መዝገብ? ከቤይሩት የሸሸችው ልጅ «በብረት ደበደቡኝ» ብላ በእንግሊዝኛ ያስመዘገበችውን ቃል «መልካም ያልሆነ አያያዝ ደርሶብኛል» ብለው ተርጉመውታል። የአንዱን ሾፌር የሐኪም ማስረጃ፣ የአንዷን ሚስት የፍቺ ወረቀት፣ ከውጭ የመጣውን ኑዛዜ፤ ሁሉንም አጥበው፣ ሁሉንም በጨርቅ ጠቅልለው። ይህችን አንዷን ወረቀት ካወጡ አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ይዘረገፋል። ገመቺስ ብቻ ሳይሆን ስማቸውን የማያስታውሷቸው ሰዎች ሁሉ ፊት ለፊታቸው የተደረደሩ መሰላቸው።

ተከላካይ ጠበቃው ወጣት ነው፤ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። «መምህር፣ የእንግሊዝኛው ደብዳቤ ሥራው ዛሬውኑ ይቁም ይላል። እርስዎ ወደ አማርኛ ሲመልሱት ይቁም የሚለው ቃል ነበረበት?»

«ትርጉሙ ትክክለኛ ነበር» አሉ።

«ይቁም ይላል ወይስ አይልም?»

«ዋናውን ሐሳብ የያዘ ነበር።»

«ዋናው ሐሳብ ማቆም ነው?»

ወረቀቱ በደረታቸው ላይ ሲንኮሻኮሽ ሰው ሁሉ የሚሰማው መሰላቸው። «ዋናውን ሐሳብ የያዘ ነበር» ብለው ደገሙት።

«ቀሪ ይዘዋል?»

«የለኝም። ቀሪ አልይዝም።»

ገመቺስ ቀና ብሎ አያቸው። ሊቆጣ፣ ሊጮህ ይችላል ብለው ጠበቁ፤ ምናልባትም ተስፋ አደረጉ። ልጁ ግን አያቸው ብቻ። ጠበቃው ወደ እሱ ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ አንድ ነገር ጠየቀው። ገመቺስ ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። ከዚያ ጠበቃው «ጥያቄዬን ጨርሻለሁ» አለ። ዳኛዋም ስለ ትብብራቸው አመስግና አሰናበተቻቸው።

ቤታቸው ገብተው ሱፋቸውን ሳያወልቁ ከሰል ማንደጃው ላይ ቀሪውን አቃጠሉት። ቀትር ነበር፤ የጎረቤት ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ይጮሃሉ። የመጨረሻዋ ጥግ እስክትጠቁር ቆመው አዩ። ያቃጠሉት ውሸታቸውን እውነት ለማድረግ ሳይሆን አይቀርም።

ገመቺስ ሰባት ዓመት ጽኑ እስራት ተፈረደበት።

ፍርዱ በተሰጠ በሳምንቱ ዲንቄ መጣች። ማልቀሱን ጨርሳ ነበር፤ ፊቷ ደርቋል። ወንበሩ ላይ በደንብ ተደግፋ ተቀመጠችና «ትናንት ጠየቅሁት» አለች። «ሰላም በይልኝ ብሎዎታል።»

«ደኅና ነው?»

«አይደለም። ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት። ያን ዕለት ችሎት ላይ ጠበቃው በጆሮው ምን እንዳለው ነገረኝ። ‹ቢሮው ይፈተሽልኝ ብዬ ለዳኛዋ ላመልክት ወይ?› ነው ያለው። ‹አይሆንም› አለው ልጄ። ‹ቲቸር አልያዝኩም ካለ አልያዘም› አለው።» ወደ መደርደሪያው ጠቆመች። «ጋሼ፣ እነዚያን ፋይሎች እሱ ነው የደረደራቸው። እኔ እንኳ አውቃለሁ፤ ምሳ ይዤለት ስመጣ አየው ነበር። እርስዎ አንዲት ወረቀት አይጥሉም። ‹ለምን ዝም አልክ?› አልኩት። ‹ያን ሁሉ ሰው ፊት ቲቸርን ውሸታም ልበለው እንዴ?› አለኝ። በቃ። ሰባት ዓመት የገባው ለዚህ ነው።»

መምህር ገብረየሱስ ጠረጴዛውን ያዙ። ልጁ አላወቀም ብለው ነበር እስካሁን የተጽናኑት።

«አሁን ለእኔ ይንገሩኝ» አለች ዲንቄ። «ወረቀቱ አለ ወይስ የለም?»

«ነበረ» አሉ። «አቁም አይልም። ሐሳቡን ያለዘብኩት እኔ ነኝ። ከችሎት የመጣሁ ዕለት አቃጠልኩት።»

ኮምፒውተሩ ይጉረመረማል። ዲንቄ ዓይኗን ከፊታቸው አልነቀለችም፤ ልትረግማቸው የተዘጋጀች ይመስል ነበር። እርግማኑ ግን አልወጣም።

«ይህንኑ እዚያ ሄደው ይበሉት» አለች።

«ዲንቄ፣ ማስረጃው የለም። ማን ያምነኛል?»

«ማመን የእነሱ ፋንታ ነው፤ ብቻ እርስዎ ይናገሩ። የይግባኝ ጊዜው አላለፈም ብሎኛል ጠበቃው።» ተነሣች። «ገና ዘጠኝ ሰዓት ነው። ቢሮው ክፍት ነው። ይነሡ።»

ተነሡ። ኮታቸውን ደረቡ፣ በሩን ቆለፉ። ከዚያች በር እስከ ፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም። መንገዱን ሁሉ አንዲት ዓረፍተ ነገር በልባቸው ደጋገሙ፤ በሐሰት መስክሬአለሁ፣ ልጁ አቁም አልተባለም። አጭር ናት፤ የሚለዝብ ነገር የላትም። ኮሪደሩ ላይ ሰው ሁሉ እንደ ልማዱ ወደ ጥግ እየተጠጋ አሳለፋቸው። ዲንቄ ከኋላቸው ትከተላለች።

የመዝገብ ቤቱ ሹም አምሳሉ ይባላል፤ እሱም የቀድሞ ተማሪያቸው ነው። ገና ሲያያቸው ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ። «ቲቸር! ምነው ራስዎ መጡ? ሰው ቢልኩ ኖሮ እኔው አልመጣም ነበር? ምን ልታዘዝ?»

መምህር ገብረየሱስ አፋቸውን ከፈቱ። አምሳሉ እጆቹን አጣምሮ፣ እንደ ተማሪ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከአጠገቡ ሁለት ጸሐፊዎች ሥራቸውን አቁመው ፈገግ ብለዋል።

«ባለጉዳይ ይዤ መጥቼ ነው» አሉ። «የይግባኝ ጊዜዋ መቼ እንደሚያበቃ ብትነግራት፤ ከተመቸህ።»

ዲንቄ ከኋላቸው ሆና የኮታቸውን ጀርባ አየች። ከዚያ በክንዷ ገፋ አደረገቻቸውና ከአምሳሉ ፊት ቆመች።

«እኔ ልናገር» አለች። ወዲያው ድምፅዋ ኮሪደሩን ሞላው። «ይሄ ሰውዬ ወረቀቱን አቃጥሎታል! ወረቀቱ አቁም አይልም! ልጄ ሰው አልገደለም! ራሱ ነግሮኛል፣ አሁን፣ እዚህ ማዶ ቢሮው ውስጥ! በውሸት መሰከረ፣ ልጄም እሱን ፈርቶ ዝም አለ! ስሙኝ! ጻፉት!»

በሮች ተከፈቱ። ባለጉዳዮች ፋይላቸውን እንደታቀፉ ዞር አሉ። አምሳሉ ደነገጠ። «እማማ፣ ቀስ ይበሉ፣ ችሎት አለ። የሚሉት ነገር ካለ በጽሑፍ ያቅርቡ።»

«መጻፍ አልችልም! የሚጽፈው እሱ ነው! ጠይቁት! ይኸው ቆሟል፣ ጠይቁት!»

አምሳሉ ወደ መምህሩ ተጠጋ። የጠየቃቸው ነገር የለም፤ ሊጠይቃቸውም አላሰበ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በሐዘኔታ፣ «አይዞዎት ቲቸር» አላቸው። «የልጅ ነገር ነው፤ እንዲህ ያናግራል። እኛ እናውቃለን።»

መምህር ገብረየሱስ ራሳቸውን ከላይ ወደ ታች ነቀነቁ።

ሁለት ጥበቃዎች መጥተው ዲንቄን ግራና ቀኝ ክንዷን ያዟት፤ በጨዋ ደንብ፣ እናታችን እያሉ። እግሯን እየጎተተች «ጠይቁት!» ትላለች። ኮሪደሩን አልፋ፣ ደረጃውን ወርዳ፣ ግቢውን አቋርጣ፣ ከውጭው በር ማዶ ታክሲዎቹ የሚቆሙበት ድረስ ድምፅዋ አልቀነሰም፤ የልጅዋን ስም ከነአባቱ እየጠራች ጠይቁት ትላለች። መምህር ገብረየሱስ መሬት መሬቱን እያዩ ቆመዋል። አምሳሉ ድምፅዋ እንዳይሰማቸው ብሎ ሄደና በግቢው በኩል ያለውን መስኮት ዘጋው።